ልቡ ይመታል

ስርጉት እባላለሁ፤ አሶሳ ውስጥ ቀርከሃ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ሌላው ባለሙያ ወንበርና ቅርጫት ይሠራል፤ እኔ ግን ጤነኛ ነገር መሥራት አይሆንልኝም። ለፍቅረኞች ቀን፣ ሁለት ሰው ግንባር ለግንባር ካልተነካካ የማይጠጣበት ኩባያ ሠርቻለሁ። የቀርከሃ ከረባትም ሠርቼ የአንድ መምህር አንገት ተልጧል። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡት ወላጆቼ እስከ ዛሬ በእኔ ሥራ ያፍራሉ። ገበያዬ ግን ደህና ነው፤ ጽጌረዳ እዚህ ከየት ይመጣል?

አምና ጥር መጨረሻ ላይ ሐመድ ወደ ሱቄ መጣ። ከሸርቆሌ አሶሳ ሚኒባስ ይነዳል። አፉን የፈታው በበርትኛ ነው፤ አማርኛውን መንገድ ላይ ስለለቀመው ሴትና ወንድ አይለይም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስንተዋወቅ እኔን "አንተ" ነው የሚለኝ።

"ስርጉት፣ አንተ ለቀነኒ አንድ ነገር ስራልኝ። ማንም ያላየው።"

ቀነኒ የባምባሲ ልጅ ናት፤ ከተማው መሃል ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ሐመድ ሁለት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቷ በኩል ባለፈ ቁጥር በሚኒባሱ መስታወት ሲያያት ኖሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። አንጀቴን በላኝ። የቀርከሃ ሥር ፈልፍዬ ጡጫ የሚያህል ልብ ቀረጽኩለት፤ ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ሆዱ ውስጥ የቻይና መቀስቀሻ ሰዓት ቀበርኩ። ቀርከሃ ድምፅ ያጎላል፤ ቲክ ቲኩ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ አስገብቼ በልጥ ጠፍሬ አሰርኩት።

"አራት ሰዓት ላይ፣ ለሻይ ሲወጡ፣ ልቡ በኃይል ይመታል" አልኩት። "ያን ጊዜ ክፈችው በላት።"

"ይመታል" አለ ሐመድ እየሳቀ። ቃሉን ወደደው፤ እስኪወጣ ድረስ ይደጋግመው ነበር።

የካቲት ሰባት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሳጥኑን ታቅፎ ሲሄድ ከኋላው ተከተልኩት። የሠራሁት ነገር ሲከፈት ካላየሁ አይሆንልኝም። ከመሥሪያ ቤቱ ማዶ ማንጎ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሰራዊት ይባላል፤ ከመሃል አገር በቅርቡ የመጣ ልጅ ነው። ሳጥኑን ተቀብሎ ነቀነቀው። ከዚያ ጆሮው ላይ አደረገው። ፊቱ ሲለዋወጥ ከማዶ ይታየኝ፣ ድምፁም ይሰማኝ ነበር። ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፤ ወደ ኋላ እየተራመደ ጠመንጃውን አቀባበለ።

"ውስጡ ምንድነው?"

"ይመታል!" አለ ሐመድ ፈገግ ብሎ። "አራት ሰዓት ይመታል!"

አንዱ "ፈንጂ!" ብሎ ጮኸ። እኛ እዚህ የከረምነው ይህን ቃል ስንሰማ እውነት ነው ወይ ብለን አንጠይቅም። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን ጥላ ሮጠች። ሠራተኛው በጓሮ በር ተግተልትሎ ወጣ። በርትኛ የሚችል ጠፍቶ አይደለም፤ የሚችለው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ነበር። ሰራዊት ሐመድን ሳጥኑ አጠገብ አንበረከከው፤ እጁን አናቱ ላይ አስደረገው። ያስፈራኝ ጠመንጃው ብቻ አይደለም፤ የልጁ ጣት ቃታው ላይ ነበር።

"ማነው የሠራው?"

"እሱ ሠራ። እሱ አራት ሰዓት አለኝ።"

"እሱ ማነው? ለማን ነው የምታደርሰው?"

"ለእሱ" አለ ሐመድ። የእኔንም የቀነኒንም ስም ሊያወጣ እንዳልፈለገ ገባኝ። ሰራዊት በሬዲዮው "ሁለት ወንዶች አሉ! ሁለት ወንዶች!" እያለ ይጮሃል።

የሚፈለገው ወንድ ነበር። እኔን ማንም አልፈለገኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ቤቴ ብገባ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ምን ይዋሻል፣ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። ከዚያ ስልኬን አየሁ፤ ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ያ ነገር ሲጮህ ይህ የፈራ ልጅ ቃታውን ይስባል፤ ሐመድ እኔ በሠራሁት መጫወቻ ይሞታል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዞርኩ፤ እጄን አንስቼ አስፋልቱን ተሻገርኩ።

"እሱ እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ የሠራሁት!"

አፈሙዙ ወደ እኔ ዞረ። "ቁሚ! ውስጡ ምንድነው?"

"ልብ ነው!"

"የምን ልብ? ምን ያደርጋል?"

አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ይደውላል ማለት ነበረብኝ፤ ሰዓት ነው ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣልኝ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

"ይመታል።"

ያኔ መታ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ከዚያ ተኩሱ። አስፋልቱ ላይ በግንባሬ ወደቅኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሐመድ በደረቱ ተዘርግቷል፤ ጀርባው ላይ ቀይ ነገር ተበትኗል። አለቀለት፣ ገደልኩት አልኩ። እየዳህኩ ደርሼ ጀርባውን ዳበስኩት፤ በእጄ የመጣው ቀይ የተቀባ የቀርከሃ ፍርፋሪ ነበር።

"ስርጉት" አለኝ ቀና ሳይል፣ "እኔ ሞትኩ?"

"አልሞትክም። ልቡን ነው ያገኘው።"

ሰራዊት ጠመንጃውን ጥሎ አጠገባችን ተቀምጧል፤ አንዲት የሰዓት ጥርስ ይዞ ያለቅሳል። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ቀነኒም መካከላቸው ነበረች። "ለማን ነበር?" ብላ ጠየቀች። ሐመድ አየት አደረጋትና መሬት መሬት አየ። "ለማንም" አለ። ፖሊሶች መጥተው ሲጠይቁን ውለው ማታ ለቀቁን።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚቆጥር ሰዓት የለም። ሐመድም ዓመት ሙሉ በሱቄ በር አላለፈም። ዘንድሮ ጥር ሲያልቅ መጣ፤ ከስቷል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ስርጉት፣ ለቀነኒ ልብ ስራልኝ" አለኝ። "ግን አንተ፣ በአላህ፣ እንዳይመታ አድርግልኝ።"