ከጥብቁ ውጭ

ነገሩን ያወጣው ጨው ነው። አንሙት ሃያ ኪሎ ጨው በበርሜል አሟሙቶ በእህቱ በደብሪቱ ጓሮ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሰ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የመንደሩን የመጠጥ ውኃ እየቀዳ በመሣሪያ ለካ። ምንም የለም። ከዚያ ሌላ ሃያ ኪሎ በስተምሥራቅ ካለው ፈፋ አፋፍ አፈሰሰ። በአራተኛው ቀን መሣሪያ ሳያስፈልገው ምላሱ ነገረው።

ሆላንድ ድረስ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ስለ ከርሰ ምድር ውኃ የተማረው ሰው፣ የገዛ መንደሩ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ተሳስቶ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2004፣ ከቁይ ከተማ ማዶ ባለችው በዚህች መንደር ጉድጓድ ተቆፍሮ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ሲተከል ደንቡን የጻፈው እሱ ነው። ከጉድጓዱ በስተምዕራብ እስከ ኮረብታው ወገብ ያለው መሬት “ጥብቅ” ተባለ። ቤት፣ በረትና ሽንት ቤት አይኖርበትም፤ ሶላሩ ላይ የሚያጠላ ባሕር ዛፍም፣ አቧራ የሚያለብሰው አውድማም እንዲሁ። በጥብቁ ውስጥ የነበረው ቤት የደብሪቱ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት እንድትነሣ ተወሰነና ቀበሌው ምትክ ቦታ ሰጣት፤ ከምሥራቁ ፈፋ አፋፍ፣ አሁን ጨዉ ከፈሰሰበት።

ወረቀትና ማኅተም ብቻውን ሰው እንደማይገታ የመንደሩ ሰዎች ያውቃሉ፤ መምሬ ወልደ ገብርኤል ይገዝቱበት አሉ። አንሙት ቤተ ክርስቲያን ከሳመ ስንት ዓመቱ፤ ግን አልከፋውም። እንዲያውም ጠጋ ብሎ፣ “መምሬ፣ ‘ደንቡን የለወጠ’ የሚለውንም ይጨምሩበት” አላቸው፤ ሀብት ያለው ሰው ኋላ ተደራድሮ እንዳይሸራርፈው ብሎ። መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው፣ “ድንበሩን የጣሰ፣ ደንቡንም የለወጠ፣ በራሱና በልጅ ልጁ የተወገዘ ይሁን” አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። አንሙትም አለ።

በዓመቱ የውኃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የአወቀ በሬ ጥብቁ ውስጥ ሲግጥ ውሎ በሳምንቱ ሞተ። አባ ሰንጋ እንደ ሆነ አንሙት ያውቅ ነበር። ሰዉ ግዝቱ ነው ሲል ግን አላረመም። ከዚያ ወዲያ ከብቱን ወደዚያ ያስጠጋ የለም።

መምሬ ባለፈው ኅዳር አረፉ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንሙት ሰዉን ከቅጽሩ በር አስቁሞ ስሕተቱን ተናገረ። አወቀ ራሱን ነቀነቀ።

“አንተ አንሙት፣ ሆላንድ ውኃ ሽቅብ ነው እንዴ የሚሄድ?”

ሰዉ ሳቀ።

“ውኃው ልክ ነው፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ጥብቁ ወደ ፈፋው ይዙር፤ ደብሪቱም ከቤቷ አትነሣ። እዚያ ሄዳ ከሠራች ሽንት ቤቷን ነው የምንጠጣው።”

“ይዙር። ግዝቱንስ ማን ይፍታው?” አለ አወቀ።

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም ወደ አዲሱ ቄስ ወደ ዘማርያም ዞረ።

“እኔ ያላሰርሁትን አልፈታም” አሉ ቄሱ። “ደብረ ማርቆስ ለሀገረ ስብከቱ ልጻፍ። ግን አሜን ያለ ሁሉ ይፈርም። አንድ ሰው ከጎደለ አልጽፍም።”

ሰዉ እያመነታ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ። ደብሪቱ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ቆመች ቀረች።

“እትዬ፣ ላንቺ እኮ ነው” አላት አንሙት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ሂዊ ስምንተኛ ወሯ ነው።” ሂዊ የደብሪቱ አንድ ልጅ ናት፤ እርግዝናዋም የመጀመሪያ። “በልጅ ልጁ ነው ያሉት። አንተ ባትሰማ እኔ ሰምቻለሁ።”

“ቃል እኮ ነው፣ እትዬ።”

“የአወቀ በሬስ?”

“በሬውን የገደለው አባ ሰንጋ ነው።”

“መቼ አወቅህ?”

“ያኔ።”

ደብሪቱ ትክ ብላ አየችው። “ያኔ ለደንቡ ስትል ደበቅኸን። ዛሬ ለቤቴ ስትል እንደማትዋሽ በምን ልወቅ?”

አወቀ ፊቱን አዞረ።

“ሰኔ ሳይገባ አፈርሳለሁ” አለች። “ሰው አጥቻለሁ፤ መጥተህ ቆርቆሮውን አውርድልኝ።”

ማክሰኞ ጣራው ላይ ወጣ። ኪሱ ውስጥ በሰኔ መጀመሪያ ሥራ ጀምር የሚል የአዲስ አበባ ደብዳቤ አለ፤ አንድ ወር ሙሉ ሲያጥፈው ሲዘረጋው ነትቧል። ከላይ ሆኖ ሲያይ ሶላሩ ያበራል፤ ከቧንቧው ሥር ጀሪካን ተሰልፏል። ማዶ ፈፋው አለ። ደብሪቱ ባትሠራበት ሌላ ይሠራበታል፤ ባለቤቱ የራቀውን መሬት ቀበሌው ለሌላ ይሰጣል፤ ፈፋው ደግሞ ከጥብቁ ውጭ ነው፤ ከልካይ የለውም።

“ምስማሩን አታጣምመው” አለች ደብሪቱ ከታች።

“እትዬ፣ እኔ ያለሁበትን የአባባን ቤት ውሰጂው። የፈፋውን ቦታ ለእኔ አድርጊልኝ።”

“ምን ልትሠራበት?”

“ምንም።”

“ምንም ካልሠራህበትማ ቀበሌው ይወስደዋል።”

“እኖርበታለሁ። ሽንት ቤት ግን አልቆፍርም።”

ደብሪቱ ቀና አለች። “አዲስ አበባስ?”

አንሙት የሚቀጥለውን ምስማር ነቀለ። ተጣመመበት። ወጋግራው ላይ አጋድሞ በመዶሻ እስኪቃና ቀጠቀጠው።

ሂዊ በሐምሌ በሰላም ተገላገለች። ለምን በሰላም እንደ ሆነ ደብሪቱ ታውቃለች፤ አንሙትም አይከራከራትም። በየማለዳው ከፈፋው ጎጆው ወጥቶ፣ ጥብቁን በሩቁ ዞሮ፣ መንደሩን አቋርጦ እህቱ ወደ ገባችበት ወደ አባታቸው ቤት ሽንት ቤት ይሄዳል። አወቀ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

“ኢንጂነር፣ ዛሬስ ትደርሳለህ?”

አንሙት እጁን አንሥቶ ሰላም ይለውና እርምጃውን ያፈጥናል።