አቶ ቦርጭ ሲነሱ

አቶ ቦርጭ መሬት ላይ ከተዘረሩ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀናቸው ነው። አፍንጫቸው ወለሉ ላይ ተጣብቋል፣ አንድ ጫማቸው አምፖሉ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መዶሻቸውን ግን አሁንም አለቀቁም። ጤነኛ የካርቱን ሰው ከወደቀ ቢበዛ በሁለት ሰከንድ ይነሳል፤ አቧራውን አራግፎ ተመልሶ መሰላሉ ላይ ይወጣል። እሳቸው ያልተነሱት ወገባቸው ተሰብሮ አይደለም። የምታነሳቸው ሴት አነሳሱ ጠፍቷት ነው።

ሴትዮዋ አኒሜተር ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ፣ ሥራዋ ሰው ማሳቅ፣ ፊቷ ግን ጥርሱን ሊያስነቅል ወረፋ የያዘ ሰው ፊት ነው። የምትሠራው እቤቷ፣ መስኮት ሥር፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ ትደርባለች፣ የታችኛው ሥዕል በላይኛው አልፎ ይታያታል፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ትስለዋለች። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል። ስድስት ደቂቃ ለማትሞላ ፊልም ዓመት ከመንፈቅ ጎንበስ ብላ የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩ ደግሞ ታሪክ ከተባለ ነው፤ አንድ ቦርጫም ሰውዬ የራሱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይሞክራል፣ አሥራ አንድ ጊዜ ይወድቃል፣ በመጨረሻ ተነስቶ ይሰቅለዋል። በቃ፣ አለቀ።

ቀላል የሚመስለው ለሚስቀው ሰው ነው። ሰው ከመሰላል ሲወድቅ የሚያስቀው መሬት ሲነካ እንዳይመስላችሁ። የሚያስቀው ከዚያ በፊት ነው፤ እግሩ ከመሰላሉ ተላቆ አየር ላይ ቀጥ ሲል፣ ጉዱ እንደፈላ ሲገባው፣ ዞር ብሎ ዓይን ዓይናችሁን ሲያያችሁ። ያቺ እይታ ከስምንት ሥዕል ካነሰች ማንም ልብ አይላትም። ከአሥራ ስድስት ከበለጠች ሳቁ አፍ ውስጥ ይሞታል። ልኳ አሥራ ሁለት ነው፣ ግማሽ ሰከንድ። ይህን ልክ የትም ትምህርት ቤት አላስተማራትም። ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር። የሱቅ በር፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ የሰው ሳሎን ሲቀባ የኖረ፣ በሰባት ዓመት የሚበልጣት፣ ሲፈጥረው አጫዋች የሆነ ሰው ነው። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ ዛሬም «ሚጣ» ነው የሚላት። በልጅነቷ ባኮረፈች ቁጥር ከወንበር ይወድቅላት ነበር፣ ካልሳቀች ከአልጋ፣ አሁንም ካልሳቀች ከደረጃ። አድጋ አኒሜተር ስትሆን ጨዋታው እንጀራቸው ሆነ። የሩጫ ሰዓት ገዛች። ሁለቱም ሳያገቡ አብረው በሚኖሩበት፣ እናታቸው በተወችላቸው ቤት ኮሪደር ላይ ፍራሽ ይዘረጋል፣ እሱ ይወድቃል፣ ገላው ፍራሹን ሲነካ እሷ ሰዓቱን ታቆማለች። ከዚያ እሱ እንደተኛ አንገቱን ቀና አድርጎ «ስንት?» ይላታል።

«ሁለት ሰከንድ ከሩብ።»

«ረዝሟል። ልድገመው።»

እሱ ሊደግመው ሲነሳ እሷ አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ሃያ ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው።

ከአራት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባተኛውን አወዳደቅ ይዘው ነበር። ወንድሟ ባዶ የቀለም ባልዲ አንጠልጥሎ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ። ጉልበቱ እጥፍ አለና ወደቀ። መቆም የለ፣ ማየት የለ፣ ዝም ብሎ ዱብ። እሷ ተናደደች።

«ጋሼ፣ አላየኸኝም እኮ! ድገመው።»

«እሺ» አለ።

ደገመው። አሁንም አላያትም። «ዛሬ ምን ነካህ? ዓይንህን ጣል ታደርግብኛለህ፣ ከዚያ ትወድቃለህ። ድገመው።» ደገመው። አራት ጊዜ አስደገመችው። በአምስተኛው ከፍራሹ ውጪ፣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና እዚያው ተኝቶ ፈገግ አለ።

«ሚጣ» አላት፣ «እየቀለድኩ እኮ አይደለም።»

ሰዓቱ በእጇ ውስጥ ገና እየቆጠረ ነበር።

ሐኪሙ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሰልል በሽታ ነው አላቸው። ከእግር ይጀምራል፣ ወደ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባይጠይቁት መረጠ። «መውደቅ የጀመሩት መቼ ነው?» ሲለው ወንድሟ «እኔማ የወደቅኩት ሃያ ዓመት ሙሉ ነው፣ እሷን ይጠይቋት» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። እሷም አብራ ሳቀች። ሐኪሙ ሳቁን ሲጨርስ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ማዘግየት ይቻል እንደነበር ነገራቸው።

የዚያን ቀን እቤት ገብታ ደብተሯን ገለጠች። ባትገልጠው ይሻላት ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፣ ከነቀኑ፣ «ሳያየኝ ወደቀ፤ አይሆንም» ይላል። በሳምንቱ «ሳያየኝ ወደቀ፤ ልቡ ሥራው ላይ የለም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቃሉ አሰልችቷት ነው መሰለኝ ምልክት ብቻ አድርጋለች። ቆጠረቻቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ማንም ሐኪም ያላየውን በሽታ ስምንት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ስትመዘግብ ኖራለች፣ የመዘገበችው ግን የትወና ጉድለት ብላ ነው። ደብተሩን ዘግታ ጠረጴዛው ሥር ወረወረችው። ለወንድሟ አልነገረችውም። ፊቱን እያየች ምን ብላ ትንገረው?

ፊልሙን ግን ቀጠለች፤ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበራትም። የቀሩትን አወዳደቆች ከድሮ ደብተሮቿ ቃርማ ሠራቻቸው። አሥራ አንደኛው ላይ አቶ ቦርጭ እንደ ሊጥ ወለሉ ላይ ተጠፈጠፉ፣ እንደገና ቅርጻቸው ተመለሰ፣ እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ሃያ ሦስቱንም ደብተሮች አገላበጠች። ከወንበር፣ ከመሰላል፣ ከብስክሌት፣ ከጣሪያ፣ ያልተመዘገበ አወዳደቅ የለም። አነሳስ ግን አንድም አልነበረም። ለካ ሰዓቷ ሁልጊዜ የሚቆመው እሱ መሬት ሲነካ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠቀምበት የኖረችው ወንድሟ ከወለል ሲነሳ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

ራሷ ልትሠራው ሞከረች። ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ ኮሪደሩ ላይ ተኝታ ተነሳች። ቪዲዮውን ስታየው የወደቀ ቁልፍ አንስታ የቆመች ሴት ነው የምትመስለው። ማንንም አያስቅም። መቶ ሃያ ሥዕል ስላ መቶ ሃያውንም ቀደደች።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ ደወለ። «እስከ ዓርብ ካልደረሰ ፊልሙ ከልጆቹ ትርዒት ፕሮግራም ይወጣል» አላት።

«እንደወደቁ ቢያልቅስ?»

«ወድቀው? ሰው እኮ አሥራ አንድ ጊዜ የሚስቀው እንደሚነሱ ስለሚያውቅ ነው። ወድቀው ከቀሩማ ምኑ ያስቃል? የሚያለቅስ ሕፃን ይዤ ልወጣ ነው ከአዳራሽ? አንሺያቸው እባክሽ።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ከመሳቢያው ሰዓቱን አወጣች። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ነክታው አታውቅም።

ወንድሟ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። እግሮቹ ከሄዱ ቆዩ፤ ግራ እጁም ከሄደ ሳምንት ሆኖታል። ቀኝ እጁ ብቻ ትንሽ ትንሽ ትታዘዘዋለች። ሰዓቱን ሲያይ ፊቱ በራ፣ እሷ ደግሞ የፊቱን ብርሃን ስታይ ሆድ ባሳት።

«ጋሼ፣ አቶ ቦርጭ አልነሳ ብለውኛል።»

«እስካሁን ወለል ላይ ናቸው? ብርድ ይመታቸዋል እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ… ስምንት ወር ሙሉ…»

«አውቃለሁ» አላት። «ሳላይሽ ስወድቅ ትቆጪኝ ነበር። ቁጣሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሚጣ። የተበላሸው ትወናዬ ነው፣ እግሬ አይደለም እያልኩ እጽናና ነበር። በይ አሁን ሰሌዳሽን አምጪ።»

የሥዕል ሰሌዳዋን ጭኑ ላይ አደረገችለት። ቀኝ እጁን አንስታ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችለት። ሁለት ጣቶቹ እግር ሆኑ፣ የታጠፉት ሦስቱ ቦርጭ ሆኑ፣ አቶ ቦርጭም ሰሌዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ተንገዳገዱ። ጣቶቹ አየር ላይ ቀጥ አሉና ወንድሟ ዞር ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት።

በልቧ ቆጠረች። አሥራ ሁለት፣ ዝንፍ ሳትል። ከዚያ እጁ ዱብ አለ፣ እሷም በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዷ ሳቀች። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቃት።

«አሁን እንነሳለን» አለ። «ሰዓቱን ተጫኚ።»

ተጫነች። ሌባ ጣቱ ተንቀጠቀጠችና በጥፍሯ ሰሌዳውን ነከሰች፣ ተንሸራተተች። ደግማ ነከሰች። የመሃል ጣቱ ልትከተላት ፈልጋ ግማሽ መንገድ ላይ ተጋደመች። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል፣ ሌላው ሲነሳ አንዱ፤ እጇን ልትዘረጋለት ስትል «አትንኪኝ፣ ሰዓትሽን ያዢ» አላት። ያዘች። ሃያ ዓመት ያላየችውን አሁን ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፣ እስከ መጨረሻው አየችው። በስንት ጊዜው ሁለቱ ጣቶች ቆሙ። ተንቀጠቀጡ፣ ግን ቆሙ። አቶ ቦርጭ ለጥ ብለው እጅ ሊነሱ ሲሞክሩ እጁ ከነሰውዬው ተዘረጋ። ሰዓቱን አቆመችው።

«ስንት?» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ሦስት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ ይላል ሰዓቱ። በሥዕል ቢሆን ከአምስት ሺህ በላይ፣ ከፊልሟ ግማሽ የሚበልጥ። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ አነሳስ አይቶ የሚስቅ ተመልካች የለም።

«ሁለት ሰከንድ» አለችው።

በሩብ ሰከንድ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዓይን ዓይኗን አያት። ከአሥራ ሁለት አለፈ፣ ከአሥራ ስድስትም አለፈ፣ አሁንም ያያታል።

«ረዝሟል» አለ በመጨረሻ። «ልድገመው።»

ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለሰችው።