የደረጃው ዕረፍት

እኔ ሲጋራን እንደ ሥጋና ቅቤ የምጾም ሰው ነኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አቆማለሁ፤ ፋሲካ ሲነጋ ድፎው ሳይቆረስ እለኩሳለሁ። በረንዳው ስለሚበርደኝ የማጨሰው ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ባለቤቴ ሙሉመቤት “እግዜርን ልታታልል ነው?” ትለኛለች። እኔም የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ብዬ አልፋታለሁ። ናይሮቢ ከመጣን ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ዘንድሮ ግን ጾሙ መከራ ሆነብኝ። ሲጋራውን ከተውኩ ወዲህ ሳሉ ባሰ። ሳጨስ ደህና፣ ስተው በሽተኛ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ? ጠዋት ጠዋት ጠቆር ያለ አክታ ይወጣኛል። ኢስትሊ ባለው የቅመም ሱቃችን ደንበኛ ሲገባ ፊቴን አዙሬ እስላለሁ፣ ሰዉ በርበሬው የነካኝ ይመስለዋል። ሙሉመቤት ግን ፈራች። ዕድሜ ልኳን “ተው” ስትለኝ የኖረች ሴት አንድ ቀን፣

“ኧረ አንዷን ብትስብስ? ሳንባህ የለመደውን አጥቶ እኮ ነው” አለችኝ። እኔም ሰለቸኝ፣ እሷም ሰለቻት።

ልጃችን አቢግያ ነርስነት ትማራለች። ክሊኒክ ወስዳ አስመረመረችኝ። ቲቢም የለም፣ ሌላም የለም።

“ዳዲ፣ ሳንባህ ውስጥ ትንንሽ ፀጉሮች አሉ፣ ላይክ መጥረጊያ። ጭሱ አስተኝቷቸው ነበር። አሁን ተነሥተው እየጠረጉ ነው። ሳሉ ጽዳቱ ነው፤ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያለ ይተውሃል፣ ሳዋ?”

“ቤት ሲጠረግ እንዲህ ይጮሃል?” አለች እናቷ። አላመነችም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም።

ዶሮ ሳይወደድ ብለን ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ኢስትሊ አውራ ዶሮና ቅቤ ገዛን። የምንሳፈርበትን ማታቱ ስንጠብቅ ሙሉመቤት ከኪዮስክ አንድ ፓኬት ሲጋራ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከቅቤው ሥር ከተተችው።

“ለፋሲካህ ነው” አለች፣ ሳታየኝ። እምቢ አላልኩም። ሳሉ አሰልችቶኝ ነበር።

ኪሊማኒ ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። በየፎቁ ቆሜ ብረቱን ይዤ ሳለከልክ እሷ አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፋ “አይዞህ፣ እንረፍ” ትለኛለች። ያን ቀን ዶሮው ብብቴ ሥር ሆኖ እየቧጠጠኝ ከሱ ጋር ስታገል ወጣሁ። በራችን ላይ ደርሼ ቁልፍ ለማውጣት እጄን ኪሴ ስከት ነው የገባኝ። አንድም ቦታ አልቆምኩም። ደረቴ ውስጥ አየር አለ! እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

“ሙሉ! አየሽኝ?” አልኩ ዘወር ብዬ። ማንም የለም።

ዶሮውን ቤት አስገብቼ ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳውን ታቅፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር እየተነሣ። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት።

“ዛሬ ለምን አልቆምክም?” አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ፤ እንደ መቆጣት ብላ።

ለካ ያን ሁሉ ዓመት እኔን ስትጠብቅ ብቻ አልነበረም። እሷም ታርፍ ነበር። የሳሎኑን ጭስ ለሁለት ነው የሳብነው። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈራሁ።

“ደከመኝ” ብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ። “ሰኞ ከአቢግያ ጋር ክሊኒክ ትሄጃለሽ።”

“የምትስለው አንተ፣ የምመረመረው እኔ?”

ቦርሳዋን ተቀብዬ ከቅቤው ሥር ፓኬቱን አወጣሁ። ታች ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ሲጋራ የሚለምነኝ በር ጠባቂ ቆሟል። በደረጃው መስኮት ልወረውርለት እጄን ካነሣሁ በኋላ እሱም ቤቱ ሚስት እንዳለችው ትዝ አለኝ፤ እጄን መለስኩ።