የቪን ትኩሳት

«ትኩሳቱ ወርዷል፤ ነይና ንኪው» አለች ሐን፣ የነርሷን የዲዬፕን እጅ ይዛ ወደ ልጇ ግንባር እየጎተተች።

ዲዬፕ ነካችው። እውነትም በርዷል።

ቪን ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ሐኪሞቹ ደጋግመው መርምረው አንጎሉ ሞቷል፣ የሚተነፍሰውም በማሽን ነው ብለዋል። ሐንም ትናንት እያለቀሰች ኩላሊቱና ጉበቱ ለሌሎች እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ዛሬ ግን ግንባሩን ስትነካ ያ ሁሉ ከሐሳቧ ጠፋ። እናት ናት፣ ምን ይፈረድባታል።

«ከትናንት ጀምሮ የምትሰጪው መድኃኒት እየሠራ ነው አይደል?»

«እየሠራ ነው፣ እትዬ ሐን።» ዲዬፕ እጇን ከግንባሩ አነሳች። «ግን ለቪን አይደለም። አንጎል ሲሞት የቀረው ሰውነት ይቆጣል። ቁጣውን ካላበረድነው ኩላሊቱም ጉበቱም ለሰው ሳይደርስ ይበላሻል።»

«ለእሱስ?»

«ለእሱ ምንም አያደርግለትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሐን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው መሰላት።

ታላቅ ወንድሟ ቶአን በሩን ገፍቶ ገባ።

«አምቡላንሱ ደርሷል። አየር በእጅ እየነፉለት ይወስዱታል፤ እስትንፋሱ ቤቱ ደርሶ ትውጣ። ውጭ የሞተ ሰው ቤት እንደማይገባ አጥተሽው ነው? አባቱንም እኮ እንደዚያ ነው ያደረስነው። ቪንን ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ልታስተኚው ነው?»

ታውቃለች። ባሕር የበላው የጎረቤቷ ልጅ ሬሳ በዝናብ ደጅ ሲያድር በዓይኗ አይታለች። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዛለት ነበር።

«አሁን ብንወስደው ኩላሊቱ ምን ይሆናል?» ስትል ነርሷን ጠየቀች።

«ይበላሻል፤ ለማንም አይደርስም።»

«የሚጠብቁት ሰዎች አሉ?»

«እነማን እንደሆኑ መንገር አልችልም። ግን አሉ።»

ሐን የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ጨብጣ ብዙ አለቀሰች። ማንም አላባበላትም። በኋላ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ጋሼ ቶአን፣ መኪናውን መልሰው።»

«ደጅ ሊያድር ነዋ።»

«ደጅ ያለህ ማነው? ሂድና የፊት በሩን ክፈት። አልጋውን ሳሎን አንጥፍልኝ።»

«ሐን፣ ሰፈሩ ምን ይላል? ሬሳ ከውጭ ሲገባ መዓት ይዞ ነው የሚገባው።»

«ልጄ ይዞት ከመጣ ይግባ» አለች።

ከዚያም ነርሷ ቀጣዩን መድኃኒት እንድትሰቅል ከአልጋው ዞር አለችላት።