በግራ የሚቆለፍ ኮት

ልብስ ሰፊው ኮቱን ከመስቀያው አወረደና ትከሻው ላይ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አቧራ የለበትም። ትናንትም አራግፎታል፣ ከትናንት ወዲያም። ግን ዛሬ የጦር ጓደኞቹ መሰባሰቢያ ቀን ነው፤ በዚህ ቀን ኮቱ ይወርዳል፣ ይራገፋል፣ ይለበሳል። የሚያየው ሰው ኖረም አልኖረም።

ዘንድሮ የሚያየው የለም። የመጨረሻው ጓደኛው፣ እጅጌ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሞቷል፤ ከእሱ በፊት ኮሌታ፣ ከኮሌታ በፊት ደግሞ እነዚያ ሁሉ። በየዓመቱ እዚህችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በስፌት መኪናውና በካውያው ጠረጴዛ መሀል፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር አይበቃም፣ ግማሹ ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የሚበላው። ከዚያ ወንበሩ በቃ። ከዚያ ወንበሩ ተረፈ። አምና ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው እጅጌ ያንኑ ቀልዱን ለመቶኛ ጊዜ ሲያመጣ፣ ልብስ ሰፊው እንደ አዲስ ከልቡ ሳቀለት። አሁን ያንን ቀልድ መልሶ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ምን አለበት።

እጅጌና ኮሌታ ብለው ስም ያወጡላቸው እናቶቻቸው አይደሉም፤ ፋብሪካው ነው። በዚያ ልብስ ፋብሪካ አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሰፋው። ኮሌታ የሚሰፋ ጠዋትም ማታም ኮሌታ ነው፣ እጅጌ የሚገጥም ያው እጅጌ ነው፣ ስሙም በዚያው ይቀራል። ልብስ ሰፊው ያኔ ገበር ነበር የሚያስገባው፤ እናም ገበር ተባለ። ከጎኑ ባለው መኪና ላይ ኪስ የሚለጥፈው ቀጭን፣ ለፍላፊ ልጅ ደግሞ ኪስ ነበር። ኪስ እህት ነበረችው። ምሳ ልታቀብለው እስከ ፋብሪካው በር ብቅ ባለች ቁጥር ገበር መርፌውን ጨርቁን ትቶ ጣቱ ላይ ይሰካዋል። ኪስም አይቶ እንዳላየ ይሆንና ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ይውላል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የውጭ ጠላት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ይኼኛው ግን አገሩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ባንድ ቋንቋ የሚሳደብ ሰው እርስ በርሱ የተጋጨበት ነው። የፋብሪካው ልጆች ማንም ሳያስገድዳቸው ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ተመዘገቡ። ገበር ከመጀመሪያዎቹ ነበር። ኪስ በማግስቱ ተከተለው። የበጎ ፈቃድ እግረኛ ሻለቃ ጦር ተባሉ። ስሙ ሲጠራ ደረት ያስነፋል፣ ልብሱ ግን የት ይምጣ። በመጨረሻ ጣቃ ጨርቅ በጭነት መኪና መጥቶ ግቢው ውስጥ ተራገፈና እናንተው ስፉት ተባሉ።

ሰፉት። ኮሌታው በኮሌታ፣ እጅጌው በእጅጌ፣ እየዘፈኑ ሰፍተው አደሩ። ሲነጋ አዛዡ አዲሱን ኮት አጠለቀ፣ ሊቆልፍ እጁን ወደለመደበት ሰደደ፣ ቁልፍ የለም። ቀዳዳ ብቻ። ዝቅ ብሎ ሲያይ ቁልፎቹ በግራ በኩል ተደርድረዋል፣ ወገቡም ገባ ብሎ ከታች ፈልሰስ ብሏል። ለካስ ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ የሴት ኮት ብቻ ነው የሚሰፋው። ማንም ሌላ ነገር ላድርግ ብሎ አላሰበም፤ እጅ የለመደውን ሠራ፣ ዓይንም የለመደውን አይቶ አለፈ። አዛዡ ሰልፉን እስከ ጫፍ ድረስ አየው፤ አንድ ሻለቃ ጦር ሙሉ የሴት ኮት ለብሶ በተጠንቀቅ ቆሟል። ለማፍረስ ጊዜ አልነበረም፤ መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል።

እንግዲህ በዚያው ዘመቱ። ኮረብታው ላይ ሰፈሩ፤ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ጠላቶች ሲያዩዋቸው ምን ይበሉ። «ወይዛዝርት፣ እንደምን አመሻችሁ» ይሏቸዋል በየምሽቱ። ኪስ ነበር የሚመልስላቸው፤ ሠራተኛ አንቀጥርም፣ ሌላ ቤት ጠይቁ ይላቸዋል። እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ጭጋግ ወረደና ተኩሱ ተጀመረ። ጭጋጉ ሲነሳ ኪስ አልተነሳም።

ልብስ ሰፊው ኮቱን ለበሰ። ጠቦታል፤ ሆዱ ላይ እንኳ አይደርስ። ሚስቱ ጠዋት፣ ብቻህን ብትሆንም ምሳ ይዤ እመጣለሁ ብላዋለች፤ ምሳው የማይቀረው ለወንድሟ ለኪስ መታሰቢያ ነው። እሷ ለኪስ ሐዘን ተቀምጣ ከተነሳች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ግን ከማዶዎቹ ወገን የነበረን ሰው እስከዛሬ ሰላም ብላ አታውቅም። አንዱ መንገዱ ጥግ ላይ ቤት ተከራየ ሲባል ገበያ የምትሄድበትን መንገድ ቀይራለች። እሱም አይናገራትም። ምን ብሎ ይናገራት፤ ኪስ እሱን አይቶ፣ እሱን ተከትሎ አይደል የተመዘገበው። ይህን አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። በዚህ ቀን ግን ዓይኗን ቀና ብሎ አያይም።

ኮቱን አውልቆ መልሶ ሰቀለውና ሥራው ላይ ተቀመጠ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ አዲስ ሱሪ በላስቲክ ይዞ ገባ።

ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሴት ልጁ ጋ ለመኖር ሰፈሩ ውስጥ የገባው በቅርቡ ነው፤ ሱሪውም ከልጁ ነው። የአባቷን ቁመት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ሲለብሰው መሬት ይጠርጋል። ይህን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪውን እየለካ ተናገረ። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ እግሩ ላይ በጠመኔ አሰመረለት፤ አስወልቆም ወደ ስፌት መኪናው ወሰደው። ሾፌሩ ትርፉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሱቁን ይቃኝ ጀመር። ዓይኑ ኮቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተነሳና ጠጋ ብሎ ቁልፎቹን ነካቸው።

«ይቅርታ ጌታው» አለ፣ ሳቅ እየታገለው፤ «ይሄ የወይዛዝርቱ ኮት አይደለም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው መኪናውን መርገጥ አቆመ። ያንን ስም የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ኮቱን የለበሱትና ከማዶ ሆነው የጮሁት። የለበሱትን አንድ በአንድ ቀብሯቸዋል።

«የት ነበርክ?» አለው። እርስዎ ማለቱን ረሳው።

«ማዶ ነዋ» አለ ሾፌሩ።

መናደድ ነበረበት። ቢያንስ ሱሪውን አጣጥፎ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ ማለት ነበረበት። ግን የሆነው ሌላ ነው፤ ባዕድ አገር ከርሞ የሰፈሩን ልጅ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው እየተጣደፈ ይጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ የመጣለት በቅሎዋ ናት። ከእነሱ ጠፍታ ጅረቱን ተሻግራ ስለሄደችው በቅሎ ታውቃለህ ወይ አለው። ሾፌሩ እንዴት አላውቃት፣ በሳምንቱ ተመልሳ መጥታባችሁ የለ እንዴ አለ። ያቺ ሌባ፣ በሁለቱም በኩል ቀለብ ትበላ የነበረች። ቀለሟ ላይ ተጨቃጨቁ። ግራጫ ናት አለ ልብስ ሰፊው። ቡላ ናት እንጂ፣ እኛ ጋ ስትመጣ ስለምትታጠብ ነው አለ ሾፌሩ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከበቅሎዋ ወደ ቅዝቃዜው፣ ከቅዝቃዜው ሲመሽ በየተራ ወደሚቀዳው ውኃ ተሻገሩ። ማንም ያልተፈራረመበት፣ ማንም ያላፈረሰው ውል ነበር፤ ውኃ ሊቀዳ የወረደ ሰው አይተኮስበትም። ልብስ ሰፊው ጅረቱ ዳር የነበረችውን ያችን ጠፍጣፋ ድንጋይ ረስቷት ነበር። ሾፌሩ ሲያነሳት ቅዝቃዜዋ መቀመጫው ላይ ተሰማው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ሆነ፣ ሆዱም ጠፋ፣ ጥርሱም በቀለ።

ድንገት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። የምሳ ሰዓት ደርሷል።

ልቡ ሁለት ቦታ ተጎተተ። ሰውዬውን ቶሎ ሸኝቶ ሚስቱን ማትረፍ ይችላል። ግን ይሄ ሰው በዚህ በር ወጥቶ ከሄደ፣ ያቺን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ አያገኝም። ያም ሆኖ እግሩ መኪናውን ረገጠው፤ አንደኛውን እግር ቀምቅሞ ሁለተኛውን ጀመረ። ክሩን ሲበጥስ ሚስቱ የምሳ ሳህኗን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደንበኛ ነው» አላት፣ ሳትጠይቀው።

ደንበኛው ግን ጨዋታው ሞቆለታል፤ ወዴት ይቁም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ እርስዎም ይሄን ኮት መቼም ያውቁታል፣ እኛ ማዶ ሆነን በዚህ ኮት ስንቱን ሳቅን መሰለዎት አላት። ሳህኗን ካውያው አጠገብ አስቀመጠች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ወንድሜ እዚያ ነው የቀረው» አለች። ዓይኑን አየችው። «አንተ ነህ የገደልከው?»

በሾፌሩ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም፤ ባንዴ አረጀ።

«አላውቅም እህቴ። ጭጋግ ነበር፣ ሁላችንም ተኩሰናል። አይደለሁም ብልዎ ደስ ባለኝ።»

ሱሪውንም ሳይጠይቅ ወደ በሩ አመራ። እሷ መንገድ ለቀቀችለት። ሾፌሩ ግን ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ወንድምዎ ማን ነበር፣ መቼም ያ ለፍላፊው እንዳይሆን፣ ኪስ የሚሉት፣ ብሎ ጠየቀ። ፊቷ መለሰለት።

ተናገረ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የተናገረው። ውኃ ሲቀዱ ተራቸው አንዳንዴ ይገጣጠማል፤ ያኔ ልጁ ከጅረቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያወራዋል፣ ዝም የሚልበት ጊዜ የለውም። አንድ ምሽት፣ አንተ እኮ ገና ልጅ ነህ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ሾፌሩ ጠየቀው።

«እኔ ጦርነቱ አይመለከተኝም አለኝ። እህቴ ናት የላከችኝ፣ ብቻውን እንዳይሄድ፣ አንተ ከጎኑ ሁንልኝ ያለችኝ ሰው አለ፣ እሱን ነው የምጠብቀው አለ።»

ልብስ ሰፊው እጁ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሚስቱን አያት። በዚህ ቀን እሷን ቀና ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እሷ ደግሞ የምታየው መሬቱን ነበር፤ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ ይመስላል።

«ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች፣ ድምጿ ከመሬቱ የሚመጣ ይመስል። «መጀመሪያ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ሠርግ ሆነ። ከዚያ ልጆቹ መጡ። ከዚያ በኋላ እንዴት ተደርጎ ይነገራል።»

«እኔን አይቶ የመጣ ነበር የሚመስለኝ» አላት። «በየዓመቱ እኮ።»

ውጭ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈ። ሚስቱ ወደ በሩ ዞረች።

«ከፍቶት ነበር? ሲነግርህ።»

«ኧረ እየሳቀ ነው» አለ ሾፌሩ። አሁን ወደ እሷ ዞረ። «አማቼ ሊሆን ነው እኮ፣ ግን እሱ ገና አልሰማም አለኝ። እስኪሰማ ድረስ እንዳትተኩስበት ብሎ ለመነኝ።»

ከአፏ የሆነ ድምፅ አመለጠ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልተለየም፤ በእጇ አፈነችው። ከዚያ ትርፉ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለች። ወንድሟን የሚያውቁ ሰዎች የነገሯትን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፣ ባሏ ሲነግራት የቱ ጋ እንደሚያስል ሁሉ ታውቃለች። ይሄን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ከአርባ ዓመት በኋላ ወንድሟ አዲስ ነገር ተናገረ።

ሾፌሩ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው፤ አይገባ፣ አይወጣ። ግቡ ያለው የለም። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንግዲህ ሱሪው ካለቀ ወስጄው ልሂድ አለ።

አልቋል። ሁለቱም እግር ተቀምቅሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ከበሩ ሆኖ እንኳ ይታያል። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ወደራሱ ጎተተ፣ ምላጩን አነሳና የሰፋውን ክር ከጥጉ ጀምሮ አንድ በአንድ መተርተር ጀመረ።

«ገና ነው» አለ።

ሚስቱ ምላጩን አየችው። የልብስ ሰፊ ሚስት ናት፤ ያለቀ ሥራና ያላለቀ ሥራ ትለያለች። ወንበሯን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችና በእሷና በበሩ መሀል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች። የተበጠሰው ክር ወለሉ ላይ እየወደቀ ይጠራቀማል። ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደገና አደረገው፣ እንደገና አወለቀው።

«መጀመሪያ ያዋራህ ቀን ምን አለህ?» አለችው። ዓይኗ አሁንም ምላጩ ላይ ነው። «አትቸኩል። ከመጀመሪያው።»