ያለ ምክንያት የታጠፈ መንገድ

የክሌኖቭካ ሰው ስለ ሉድቪክ ያሻውን ሊል ይችላል። ግትር ነው ይሉታል፤ ነጭናጫ ነው ይሉታል፤ ፖስታ ቤት ይሠራ በነበረ ጊዜ ቴምብር አጣሞ የለጠፈ ሰው ላይ ይጮህ ነበር ይሉታል። ልክ ናቸው፤ ይጮህ ነበር። መንገዱን ግን አትንኩበት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተነስቶ፣ በአሮጌው ወፍጮ አልፎ፣ ጫካውን ዞሮ ተመልሶ ጣቢያው ላይ የሚያበቃው የአራት ኪሎ ሜትር ቢጫ መንገድ የእሱ ነው። የእሱ ነው ስል መሬቱን ማለቴ አይደለም፤ ቀለሙን ነው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ነጭ፤ መዳፍ የምታክል ሦስት መስመር፣ በየዛፉ ላይ፣ እግረኛ መንገዱን እንዳይስት። በየሦስት ዓመቱ ቅርፊቱን ፍቆ እንደገና ይቀባታል። አርባ ስምንት ዓመት እንዲሁ በነጻ ሲቀባ ኖሯል።

መንገዷ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያያት የላትም። ጥቅምት ሲገባ ግን ሌላ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ከተማው ነቅሎ ይወጣል፤ ሽማግሌው ከዘራውን፣ እናት ልጇን፣ ጎረምሳው ውሻውን ይዞ። ሩቅ ተራራ ለመውጣት ጊዜም ጉልበትም ለሌለው ሰው፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ይቀላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ መዳብ ይመስላል፤ እግር ስር ይንኮሻኮሻል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው፣ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አራግፈው፣ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። በቃ ይኸው ነው፤ ግን አንድም ዓመት አያስታጉሉም።

ዘንድሮ የሉድቪክ ጉልበት አልታዘዝም አለ። ሰባ ሦስት ዓመት ተሸክሞ ምን ያድርግ! በጸደይ ወራት ለእግር ተጓዦች ማኅበር "ተተኪ ፈልጉልኝ" ብሎ ጻፈ። ማኅበሩም ፈለገለት። ከተተኪው ጋር ግን አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሉድቪክ ደብዳቤውን አንብቦ ምድጃው ላይ አስቀመጠው፤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮውን እንዳለፉ ቢጫው መንገድ ከሰፊው የጫካ መንገድ ጋር ይገጥማል። የጫካው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ማዶ ይወጣል። የሉድቪክ ምልክት ግን እዚያች መገናኛ ላይ መንገዱን ጥሎ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ዳገት ይወጣል፤ ግንዳቸው ልስልስ ግራጫ በሆነ ቡክ በሚባሉ ትልልቅ ዛፎች መሀል ይዞራል፤ ከዚያ ወርዶ እዚያው የጫካ መንገድ ላይ ይመለሳል። በሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር የሚያልቀውን ዘጠኝ መቶ ሜትር ያስኬዳል። ማኅበሩ ደግሞ ካርታውን ሁሉ በኮምፒውተር እያስተካከለ ስለሆነ፣ "በቂ ምክንያት ከሌለ መንገዱ ይቅና" አለ።

ተተኪዋ ኢቬታ ትባላለች፤ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ ነገር የማታንዛዛ። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስታንኳኳ ነጩንም፣ ቢጫውንም፣ ብሩሹንም፣ መፋቂያውንም አሟልታ ይዛለች። በዚያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ግራጫ ቀለም። ግራጫ ቀለም ለዚህ ሥራ አንድ ጥቅም ብቻ ነው ያለው፤ የድሮ ምልክት ማጥፊያ ነው።

"እሱን ምን ልታደርጊበት ነው?" አላት ሉድቪክ ገና ሰላም ሳይላት።

"ደብዳቤውን አላነበቡትም እንዴ፣ አቶ ሉድቪክ?"

"አንብቤዋለሁ።"

"እንግዲያው ያውቁታል።"

"አነበብኩት አልኩሽ እንጂ ተስማማሁ አልኩሽ?"

ኢቬታ ከት ብላ ሳቀች። ደንበኞቿ ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ማዘዣውን ያነባሉ፣ መድኃኒቱን አይውጡም።

ወጡ። ጤዛው ገና አልለቀቀም፤ ከወፍጮው ጀርባ ጉም ተኝቷል። ሉድቪክ እያነከሰ ከፊት፣ ኢቬታ ከኋላ። በየዛፉ ሥር እየቆሙ እሱ ይፍቃል፣ እሷ ትቀባለች። እጇ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሉድቪክ ስህተት ቢፈልግ አጣ፤ ይሄም አናደደው። ዓይኑ ግን ሥራው ላይ አልነበረም። ወደ መገናኛዋ በቀረቡ ቁጥር ምክንያት ሲያበጅ ነበር።

"ቀጥታው መንገድ ጭቃ ነው። ሰው ይዘፈቃል" አላት።

"ጠጠር ከፈሰሰበት አሥር ዓመት አለፈው።"

"እንጨት የሚጭኑ መኪኖች ይመላለሱበታል።"

"እሑድ እሑድ አይሠሩም። ሰው የሚሄደው ደግሞ እሑድ ነው።"

"ከርከሮ አለ!"

"ከርከሮው ላይኛውን መንገድ አያውቀውም?"

"አንቺ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ የምትሠሪው?"

"አቶ ሉድቪክ፣" አለች ኢቬታ፣ ብሩሿን ጠርጋ፣ "እኔ እኮ ልቃወምዎት አይደለም። አንድ ደህና ምክንያት ይስጡኝና እኔ ራሴ ጽፌ ልላክላቸው። የእነሱ ጥያቄ ምክንያቱ ምንድነው ነው።"

ሉድቪክ ምክንያቱን እንዳይናገር አፈረ፤ በዚህ ዕድሜው፣ በፖስታ ቤት አለቃነቱ፣ በነጭናጫነቱ! እንዳይተወው ደግሞ እንዴት ብሎ ይተወው? ያቺ ጥምዝ ከጠፋች ከዚህ ዓለም ላይ ለእሱ ምን ቀረው?

መገናኛዋ ላይ ደረሱ። ኢቬታ ሰዓቷን አየችና "መጀመሪያ ቀጥታውን እንለካው" አለች። ሄዱ። በሁለቱም በኩል ጥድ ብቻ፤ ጥድ ደግሞ ክረምት ከበጋ ያው ነው። ሉድቪክ እያነከሰ እንኳ ብዙም አልቆዩ።

"አራት ደቂቃ" አለች።

ሉድቪክ የተቆረጠ ግንድ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ምክንያት የለውም" አለ። "ያለ ምክንያት ነው ያጠፍኩት።"

"እንዴት ያለ ምክንያት?"

"ያኔም ሥራው በሁለት ሰው ነበር። ማኅበሩ ከኔ ጋር የመደባት ከወዲያኛው ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ ያርሚላ። እሷ ነጩን፣ እኔ ቢጫውን። ሁለት ቀን ሠራን። በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያች መገናኛ ደረስን። ባቡሯ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ቀጥታውን ብንይዝ ጨርሰን እንደርሳለን። ከጨረስን ደግሞ ልጅቷ ወደ ክሌኖቭካ የምትመጣበት ጉዳይ የላትም።"

ኢቬታ ነገሩ ገባት፤ ግን አላቋረጠችውም።

"ወደ ግራ አየሁ፤ ዳገት ነው። 'መንገዱ በዚህ በኩል ነው፤ ዛሬ አይደርስልንም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጫለሽ' አልኳት።"

"ካርታውስ?"

"ካርታው እኔ ኪስ ውስጥ ነበራ!"

ሁለቱም ሳቁ። ሉድቪክ ቀድሞ ሳቁን አቋረጠ።

"እዚያ ላይ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንወጣ ቡኮቹ በሙሉ ቀልተው ጠበቁን። ያርሚላ ብሩሹን እንደያዘች ቀና ብላ ቀረች፤ ነጩ ቀለም ጫማዋ ላይ እየተንጠባጠበ። ምን ያለ ቀን ነበር መሰለሽ! በዓመቱ ተጋባን። ከዚያ አርባ አምስት ጥቅምት፣ አንድም ሳይቀር፣ እዚያች ዳገት ላይ 'በከንቱ ታስወጣኛለህ፣ አንተ ቀጣፊ' እያለች ትወጣለች። ለካ ያኔውኑ አውቃ ነበር። 'ዓይን የለኝም መሰለህ?' አለችኝ።"

"በመጨረሻውስ ዓመት?" አለች ኢቬታ ቀስ ብላ። ያርሚላ መድኃኒቷን የምትወስደው ከእሷ ነበር፤ ሳንባዋ እንዴት እንደነበረ ታውቃለች።

"በመጨረሻው ዓመት መገናኛዋ ላይ ቆመች። 'ሉድቪክ፣ ዛሬስ በቀጥታው እንሂድ' አለችኝ። ክንዷን ይዤ ሄድን። እዚህ፣ እዚህ አሁን የተቀመጥኩበት ጋ ስንደርስ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና..." ባርኔጣውን አገላበጠ። "'አለቀ እንዴ? ይቺው ናት?' አለችኝ። በጥር ሞተች።"

ኢቬታ እንባዋን ልትደብቅ ጎንበስ ብላ የቀለሙን ክዳን ነካካች። ቆይታ ግን ቆፍጠን አለች።

"እጽፋለሁ። 'ለቅጠሉ ውበት' ብዬ እጽፋለሁ። ሐሰት አይደለም።"

ሉድቪክ ራሱን ነቀነቀ። እስከ ዛሬ ሲሟገት የነበረው ሰውዬ ተናግሮ ሲጨርስ ጊዜ ሙግቱ ከላዩ ላይ የወረደ መሰለ።

"አይሆንም ልጄ። ምልክት የሚቀባው አንድም ቀን መጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ብቻውን፣ ጉም ውስጥ፣ ሲመሽበት። ይሄን ለስንቱ ጀማሪ አስተምሬያለሁ። እኔ የቀባሁት ለመንገደኛ አልነበረም። ስንቱን አሮጊት ያለ ጉዳዩ ዳገት አስወጥቻለሁ። አምጪው።"

ግራጫውን ቀለም ተቀብሎ ወደ መገናኛዋ ተመለሰ። የመጀመሪያዋን ምልክት ራሱ አጠፋት። ሁለተኛዋ ዛፍ ላይ ሲደርስ ቆርቆሮውን ለኢቬታ መለሰላት። የቀሩትን አሥራ አምስቱን ኢቬታ ብቻዋን ወጥታ ቀባቻቸው፤ እሱ ታች ሆኖ ፊቱን ወደ ወፍጮው አዙሮ ጠበቃት። ከዚያ ቀጥታው መንገድ ላይ አራት አዲስ ምልክት ቀብተው፣ ከኢቬታ ቴርሞስ ሩም የሚባል አረቄ የተቀላቀለበት ሻይ ጠጥተው ተመለሱ።

በማግስቱ እሑድ ዝናብ ሰውን ከቤት አስቀረው፤ ሳምንቱን ሉድቪክም ከቤት አልወጣም። ኢቬታ የፕለም ኬክ ይዛ መጥታ ነበር፤ ተቀብሏት፣ አመስግኖ፣ በሩን ዘጋ። በሚቀጥለው እሑድ እንደማይሄድ ለራሱ ምሎ ነበር። ምሳውን በልቶ ሳህኑን አጠበ፤ ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘጋ። በመስኮት ሰው ሁሉ ወደ ጣቢያው ሲጎርፍ አየ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ነፋስ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። "ኤዲያ!" አለና ካፖርቱን አነሳ።

መገናኛዋ አጠገብ የወደቀ ግንድ አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ ቀጥታው ላይ አዲሱ ቢጫ ቀለም ቦግ ብሎ ይታያል። በግራ በኩል ግራጫ ጠባሳ፤ እስከ ላይ ድረስ አሥራ ስድስት። ሊያይ የመጣው ይሄንን ነው፤ የከተማው ሰው ያርሚላን አልፏት በቀጥታው ሲሄድ ሊያይ። ይየው እና ይውጣለት።

መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ ውሻ ይዞ መጣ። ስልኩን እያየ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል ወደ ግራ ታጠፈና ወጣ። ሉድቪክ "ይሄስ የፈዘዘ ነው" አለ በሆዱ። ቀጥሎ ሁለት መምህራን እያወሩ መጡ፤ እያወሩ ወደ ግራ ታጠፉ። ከእነሱ በኋላ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ኦቲሊዬ ከነልጇና ከነልጅ ልጇ ብቅ አለች። የልጅ ልጇ የሰባት ዓመት መነጽራም ናት፤ ከዛፍ ዛፍ እየሮጠች ምልክት ትቆጥራለች።

"እማዬ! ቢጫው በዚህ ነው! ቀጥታ ነው!"

"ነይ ወዲህ፣ መንገዱ በዚህ በኩል ነው" አለች እናቷ፣ ወደ ግራ እየታጠፈች።

"ምልክቱ ግን..."

"ምልክቱ ተሳስቷል" አለች ኦቲሊዬ። ወዲያው ሉድቪክን አየችው። "አንተ ሉድቪክ! ምን ሆነሃል? አረጀህ እንዴ? የት አባቱ ነው ቀለም የቀባኸው? ቅጠል ሳናይ ልትመልሰን ነው?"

ሉድቪክ ከኦቲሊዬ እግር ሥር መሬቱን አየ። አርባ ስምንት ዓመት በቀለሙ ላይ ብቻ ስላፈጠጠ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ በእግር ብዛት ጎድጉዶ፣ የዛፉ ሥር በጫማ ተፍቆ፣ ጫፉ ተስተካክሎ፣ ቅጠል ቢወድቅበት እንኳ ተለይቶ ይታያል። ቀጥታው የጫካ መንገድ ላይ ግን ከጎማ ዱካ በቀር አንድ የሰው ዱካ አልነበረም።

ትንሿ ልጅ አልረካችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ምልክት ከሌለው በዚህ ሂዱ ያለን ማነው ታዲያ?"

"ማንም አላለንም" አለች እናቷ፣ እጇን እየሳበች። "እኛ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምንሄደው። እኔም አንቺን ሳክል በዚህ ነበር የምሄደው። አሁን ፍጠኚ፣ ፀሐይዋ ሳታልፍ።"

ወጡ። የልጅቷ ሳቅና የቅጠሉ ኮሽታ ከላይ ይሰማል። ሉድቪክ ብቻውን ሲቀር እንባው መጣ፤ አላፈረበትም፤ እንደ ልጅ በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው። ከዚያ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ፤ በግራጫዎቹ ምልክቶች በኩል አልፎ፣ ጉልበቱን እየረገመ፣ ሰዎቹን ተከትሎ ዳገቱን ተያያዘው።