ሚክሰሩ ሳይቆም

ቀጨኔ ለሸማኔዎች ማኅበር የምንሠራው ፎቅ ለአብዮት በዓል ይድረስ ተብሏል። ግድግዳው ብርድ እንዲከላከል፣ ኮንክሪቱ የሚሞላው ከተጠቀጠቀ ሰጋቱራ በተሠሩ፣ እዚያው በሚቀሩ ሁለት ገበታዎች መሃል ነው። ሚክሰሩ መዞር ጀምሯል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብረው የላይኛውን ወለል የሚሸከመውን እንጨት የሚይዙት ብሎኖች ግን ገና አልገቡም። አናጺው ጋሽ ቱሉ እንጨቱን ገበታው ላይ በሚስማር መትተውታል። ፕላኑን ዘረጋሁ፤ መልሼ አጠፍኩት።

«ጋሽ ቱሉ፣ እ... ማለቴ፣ ሚስማሩ የያዘው ሰጋቱራውን ብቻ ነው።»

«እንደ ጭቃ ግድግዳ ዋጥ ነው ያደረገው፣ ልጄ። ዩኒቨርሲቲ ሚስማር አላስተማሩሽም?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የመጀመሪያው ባልዲ ሲነሳ በርሜል ላይ ወጥቼ እንጨቱ ላይ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩ። ሚስማሮቹ ተነቃቅለው እንጨቱ ከእኔ ጋር መሬት ወረደ።

ጋሽ ቱሉ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ነካኩ።

«አንቺን ያልቻለ፣ ሸማኔ ከነዕቃው ሊችል ነው?» አሉና ወደ ሚክሰሩ ዞሩ። «አቁሙት። ብሎኑ ይምጣ።»